ከዝቋላው ሽማግሌ ጋር በአንድ ብረት

መኪናዋ ሞተሯን አስነስታ ነበር። እኔ ከኋላ፣ በማር ቆርቆሮና በፍየል ቆዳ እስር መካከል ቦታ ይዤ፣ ታኬታዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ። ሾፌሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ሁለት ፖሊሶች መጥተው ከጎን ቆሙ። አንደኛው ስሜን ጠርቶ፣ «ውረድ፤ ለአጭር ጉዳይ ትፈለጋለህ» አለኝ። ከሰቆጣ ወደ ቆረም መኪና የሚወጣው በሳምንት አንድ ቀን ነበር፤ ያውም መንገዱ ካልተበላሸ። «አጭር ከሆነ ሾፌሩ ይጠብቀኝ» ብዬ ለመንኩ። ፖሊሱ ሾፌሩን አየው፤ ሾፌሩ ደግሞ መሪውን አየ። ታኬታዬን ይዤ ወረድኩ፤ ሌላው ዕቃዬ ከመኪናዋ ጋር ሄደ።

አጭሩ ጉዳይ ሰባት ወር ፈጀ።

ወህኒ ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ የቆመ የድንጋይ ቤት ነው። ድሮ የግብር እህል ይከማችበት እንደነበር ኋላ ሰማሁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ የእህል አቧራ ሽታ ነው፤ ከሥሩ የሰው ላብና የእርጥብ ቆዳ ሽታ አለ። መስኮት የሚባለው ከጣሪያው ሥር ያለ አንዲት ቀዳዳ ነበር። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ የማየው ነገር አልነበረም፤ የብረት መንቀጫቀጭ ብቻ እሰማለሁ። ቅጥሩ ዝቅተኛ በመሆኑ እስረኛው እንዳይዘል ሁለት ሁለት ሰው በአንድ እግር ብረት ያቆራኙ ነበር።

የክፍሉ አለቃ ረጅምና ጉንጨ ጎድጓዳ ሰው ነው፤ በደም ክስ ስድስት ዓመት የተቀመጠ። «በምን ገባህ?» አለኝ።

«በደብዳቤ።»

«ለሴት ነው?»

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ደብዳቤው እንዲህ ነበር። ከመታሰሬ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ከሰቆጣ ማዶ ካለው ቆላ፣ ከዝቋላ፣ ዘጠኝ ሰዎች ወደ አባቴ የጨው መደብር መጡ። ዝናብ ሁለት ዓመት ከድቷቸዋል፤ ማሽላው ቆሞ ደርቋል፤ ፍየሉም አልቋል። ግብር ሰብሳቢው ግን አልቀረላቸውም። ግብሩ እንዲማርላቸው ለጠቅላይ ግዛቱ አቤት ማለት ፈልገው፣ የከተማው ራፖር ጸሐፊዎች ፈርተው እምቢ አሏቸው። እኔ ጉልበቴን አስታምሜ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌም ደህና ነው። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ጨው ከረጢት ላይ ተቀምጠው ቃሉን ሰጡኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ስም አይጻፍ አሉ፤ ስም ካልተጻፈ ሰው አይጠፋም የሚል እምነት ነበራቸው። ስለዚህ ዘጠኝ አውራ ጣት ብቻ በሰማያዊ ቀለም አረፈበት። መጨረሻው ላይ ሽማግሌው ያስጨመሩኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ግብሩን እንከፍላለን፤ አስቀድሞ ግን ገዥው መጥተው እኛ የምንበላውን አንድ ሳምንት አብረውን ይብሉ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ያሰረችን። ዘጠኙንም በገበያ ቀን ከሰቆጣ ለቀሟቸው። የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ከጽሑፌ አወቁ። ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን አያውቁም፤ መንግሥትን የደፈረና ሕዝብ ያሳደመ ብለው የሚፈልጉት እሱን ነው። እጄ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ።

ዘበኛው የብረቱን አንድ ቀለበት በቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቆለፈ። ሌላው ቀለበት አስቀድሞ በአንድ ሰው ግራ እግር ላይ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ያው ሽማግሌ ናቸው፤ ስምንቱም እዚያው ክፍል አሉ። እሳቸውም አዩኝ፤ እንደማያውቁኝ ሆነው ዞሩ። ደግ አደረጉ።

ቀኝ እግሬ እንጀራዬ ነበረች። አጥቂ ነበርኩ። ደሴ ተማሪ ሳለሁ ኳስ ጀመርኩ፤ ከዚያ የአንድ የዋና ከተማ ፋብሪካ ቡድን ወሰደኝ። በወረቀት የመጋዘን ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ ጎል ማግባት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጨረስኩት፤ ለሌሎች ሎሚ አቀብያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ዋናው አጥቂ ታመመና ገባሁ፤ በዚያው ቀን ሁለት አገባሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ስሜ ከአሰላለፍ አልወጣም። ደጋፊው ከስታዲየም በትከሻው ተሸክሞ አውጥቶኛል። ከዚያ በክረምት ጭቃ ላይ አንድ ተከላካይ ጉልበቴን በጎን መታው፤ ቋ ሲል ራሴ ሰማሁት። ስምንት ወር ተኛሁ። ስመለስ ፈጥኜ መዞር አቃተኝ፤ ያው የተሸከመኝ ደጋፊ «ይህን አንካሳ አውጡት» እያለ አፏጨብኝ። መጀመሪያ ተጠባባቂ ሆንኩ፤ ቀጥሎ ከተጠባባቂም ተቀነስኩ። ሐኪሙ ኳስ ይቅርብህ አለኝ።

ወደ ሰቆጣ የተመለስኩት ለወጌሻ ነው። ወጌሻው ጉልበቴን ሦስት ወር በቅቤ ሲያሽና ሲጎትት ጩኸቴ መንደሩን አስመርሯል። ግን ዳነ። ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት በየማለዳው መሮጥ ጀመርኩ፤ በድንገት ስዞር አይከዳኝም። ለቡድኑ ጻፍኩ። መልሱ በመኪና መጣ፦ አዲስ አሰልጣኝ ይዘናል፤ ድሮ ስትጫወት አይቶሃልና ይፈልግሃል፤ ለብሔራዊ ቡድን መራጮችም ሊያሳይህ ያስባል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረስክ ቦታህን ለሌላ እንሰጣለን። ፖሊሶቹ ሲያወርዱኝ ያ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ይህን ለክፍሉ አለቃ ብነግረው፣ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሽማግሌው ግን መጠየቅ ወደዱ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃል ሲጠፋቸው በአገውኛ ይጨምሩበታል። «ተጫዋቹ ኳሷን ካገኛት በኋላ ስለምን አቅፎ አይዛትም?» አሉኝ አንድ ቀን።

«በእጅ መንካት ክልክል ነው፣ አባባ።»

«ያን ያህል ሰው ሲያባርርህ ምን ሰርቀህ ነው?»

«ምንም አልሰረቅሁም። ጎል እንዳላገባባቸው ነው።»

«ካገባህባቸውስ በኋላ?»

«ከመሀል እንደገና ይጀመራል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ እንደኛ እርሻ ነው» አሉ።

በአንድ ብረት መኖር የራሱ ሥርዓት አለው። እኔ እስላም ነኝ፤ እሳቸው ክርስቲያን። እኔ ስሰግድ እሳቸው እግራቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ሲጸልዩ እኔ እንደ ተከሰሰ ሰው አብሬያቸው እቆማለሁ። እናቴ በየቀኑ ምሳ ትልካለች፤ ከዝቋላ ለመጡት ግን ስንቅ የሚያመጣላቸው የለም። እናቴ ይህን ስትሰማ ሽማግሌው ይበሉ ዘንድ ሥጋ መላክ አቆመች፤ ምስርና ሽሮ ሆነ። ወደ ሽንት ቤት ስንሄድ መጀመሪያ ጊዜ እሳቸው የአገራቸውን ረጅም እርምጃ ሲረግጡ ጉልበቴ ተጎትቶ ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ አጭር አጭር እየረገጡ መሄድ ተማሩ። ከጋቢያቸው ጠርዝ ቀደው ብረቱ የሚያርፍበትን ቁርጭምጭሚቴን ጠቀለሉልኝ።

እንዲህም ሆኖ ተናድጄባቸው ነበር። ወሩ እያለቀ ነው። መኪናዋ መጥታ ስትሄድ ሞተሯ ክፍላችን ድረስ ይሰማል፤ ሁለት ጊዜ ሰማኋት። በሁለተኛው ቀን አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ባይጨምሩ ምን ነበረበት?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እውነት ናት እኮ።»

«እውነትማ ናት። እኔን ግን መኪና አመለጠኝ።»

«መኪና ይመለሳል፣ ልጄ።»

«የሚፈልጉኝ ሰዎች አይመለሱም።»

ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለውን ጨርቅ አጠበቁልኝ። «ስሜን ስጣቸውና ሂድ አልልህም» አሉኝ። «ብልህም ውሸቴን ነው። ርስቴን የሚቋምጥ ጎረቤት አለኝ፤ እኔ ከተፈረደብኝ ከልጆቼ ይነጥቃል። ብትሰጣቸው ግን አልረግምህም።»

ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ተናገር ቢሉኝ ወይም ብትናገር ወዮልህ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲሁ በእጄ ላይ ጥለውልኝ ተኙ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ከረፋዱ ላይ፣ ዘበኛው ገብቶ የእኔን ቀለበት ፈታ። የሽማግሌውን አልፈታም። «መቶ አለቃው ይጠራሃል» አለ።  በእኛ አገር ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ ሕዝቡን በአንድ ቦታ ሰብስቦ አውጫጭኝ ይደረጋል፤ በምስጢር የሚጠቁመውን ሰው ወፍ ይሉታል። ወፏ ማን እንደሆነች እንዳይታወቅ ይጠነቀቃሉ። ጉዳያችንን የያዘው መቶ አለቃ የሌላ አገር ሰው ነው፤ የእኛን አውጫጭኝ በከፊል ብቻ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። በዚያ ወህኒ ቤት ከፍርድ በፊት ብረቱ የተፈታለት ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት አዋቂ አያስፈልግም።

ግቢውን ብቻዬን አቋረጥኩ። እግሬ ቀላል ነበር። ደስ እንዳለኝ አልክድም፤ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደመሮጥ ሁሉ አደረገኝ።

መቶ አለቃው ሻይ አስቀዳልኝ። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ንጹሕ ሰው ነው። «ስታዲየም ቆሜ አይቼሃለሁ» አለኝ። «ከኮርነር በጭንቅላትህ ያገባሃትን አልረሳትም።» በጭንቅላቴ ያገባሁት ጎል ሦስት ነው፤ የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ጠረጴዛው ላይ በስሜ የመጣ፣ የተከፈተ ፖስታ አለ። አነበበልኝ። አሰልጣኙ ቦታዬን እስከ ሰኞ እንደሚያቆይልኝ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ እንደሚያስመዘግብ ነበር የሚለው።

«መኪናዋ ነገ ትሄዳለች» አለ። «አንተ ገበሬ አይደለህም። አሳምፀህም አታውቅም። ስም ስጠኝና ነገ መኪናዋ ላይ ነህ። ማንም አይሰማም።»

የሽማግሌው ስም ምላሴ ላይ ነበር። ይህን አልደብቅም። ሰኞን አሰብኩ፤ ደሴ ማደር፣ እሑድ መድረስ፣ ሰኞ ጠዋት ማልያ መልበስ። ለመናገር አፌን ከፍቼም ነበር።

መቶ አለቃው በመሀል፣ «ምነው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠልክ? ደህና ተቀመጥ እንጂ» አለኝ። «ሌላ ሰው የለም እኮ።»

ወደ ታች አየሁ። አግዳሚው ለሦስት ሰው ይበቃል። እኔ ግራው ጫፍ ላይ ተሰብስቤ ቀኝ ጎኔን ባዶ ትቻለሁ። ቀኝ እግሬ ወደ ጎን ወጣ ብላ፣ የጋቢው ጨርቅ አሁንም ቁርጭምጭሚቴ ላይ አለ።

«የለም» አልኩት። «ሌላ ሰው የለም። ቃሉም የእኔ ነው።»

«አንተ የነጋዴ ልጅ ነህ። ማሽላ ዘርተህ አታውቅም።»

«ጽፌዋለሁ።»

 የአሰልጣኙን ደብዳቤ አጥፎ ፖስታው ውስጥ ከተተና መሳቢያውን ዘጋበት። አልጮኸም፤ አልመታኝም። ዘበኛውን ጠርቶ፣ «መልሰው። ብረቱን ግን እንዳታስሩበት» አለው። ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «እግርህ ይረፍ። እኔ ደጋፊህ ነኝ።»

ምን እንዳደረገኝ የገባኝ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ነው። ሁሉም ፊቴን ሳይሆን እግሬን አዩ። የእናቴ ምሳ መጥቶ መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም። የክፍሉ አለቃ ቀስ ብሎ፣ «ወፏ ተመለሰች» አለ።

«አልተናገርኩም» አልኩ።

ከጥግ አንዱ፣ «ታዲያ እግርህን ማን ፈታው?» አለኝ።

 መቶ አለቃው ራሱ ነው ብል የሚሰማኝ የለም። ደሜ ፈላ። ሰኞን ሰጥቼ፣ አንድ ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን ጉልበት ሰጥቼ የተመለስኩት እኔ ነኝ፤ የሚጸየፉኝ ደግሞ እነሱ። እንዲያውም ሮጬ ሄጄ እውነቱን ለመቶ አለቃው ልናገርላቸው የሚል ክፉ ሐሳብ ብልጭ ብሎብኝ አለፈ።

ሽማግሌው ባዶውን ቀለበት እቅፋቸው ውስጥ ይዘው ተቀምጠዋል። እኔን አላዩኝም። ለስምንቱ የአገራቸው ሰዎች በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አንዱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሰንሰለቱን ሰብስበው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ በሩ ጮክ ብለው፣ «ዘበኛ! ና እስቲ» አሉ።

ያኔ ነው የመቶ አለቃው ነገር ሙሉ በሙሉ የተገለጠልኝ። ወፍ አያስፈልገውም ነበር። ወፍ ያለች መምሰሏ ይበቃዋል። ሽማግሌው ስማቸው የተሰጠ መስሏቸው፣ ስምንቱን ለማዳን ራሳቸው ሊናገሩ ነው።

ዘበኛው በሩን ከፍቶ ገባ። የሰቆጣ ልጅ ነው፤ አባቴን ያውቀዋል። ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ ደርሼ ከግራቸው ተቀመጥኩ። ባዶውን ቀለበት ከእጃቸው ወሰድኩ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ በጨርቁ ላይ አድርጌ ገጠምኩትና እግሬን ወደ ዘበኛው ዘረጋሁ።

«ቆልፍ» አልኩት።

«ትዕዛዝ የለኝም።»

«እኔም አልተፈታሁም። ወፍ አይደለሁም። ቆልፍ።»

«አብደሃል እንዴ? እግርህ እኮ ነው።»

«እግሬ ነው። ቆልፍ።»

ዘበኛው ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየ። ጎንበስ አለ፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።  ከዚያ ቀና ብሎ ሽማግሌውን፣ «ምን ፈልገው ነው የጠሩኝ?» አላቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ብረቱን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ውሃ ጠምቶኝ ነው» አሉ።

ዘበኛው ውሃ አመጣ። የክፍሉ አለቃ ተነሥቶ የእናቴን ምሳ ወደ እኛ አስጠጋ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ በእጁ አጎረሰኝ። ይቅርታ አላለም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር። በማግሥቱ መኪናዋ ሄደች። ሽማግሌው ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ ጸሎታቸውን አቋርጠው አብረውኝ አዳመጡ።

የዚያች ዓረፍተ ነገር ባለቤት ሳይታወቅ ቀረ። መቶ አለቃው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ የተካው ሰው ዋስ ጠርተን እንድንወጣ አደረገ። ስወጣ ጉልበቴ ደርቆ ነበር። ቡድኑ የተካብኝ ልጅ በደህና ይጫወት እንደነበር በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ጥሩ አጥቂ ነው፣ ምቀኝነት አይደለም። እኔ ደሴ ውስጥ ለአንድ ትንሽ ቡድን ግማሽ ዓመት ተሰለፍኩና አቆምኩ። ከዚያ ጨው ሸጥኩ።

ሽማግሌው ርስታቸው ከእጃቸው አልወጣም። ሁለት ክረምት ግን እንደገና ዝናብ ቀረ። ዝቋላ ባዶውን ሲቀር እሳቸውም ከልጆቻቸው ጋር ምግብ ፍለጋ ወደ ቆረም መንገድ ወጡ፤ ከመንገዱ አልተመለሱም። መሬቱን ያ ጎረቤትም አላረሰውም፤ እሱም አልነበረም።

ሰው ሲጠይቀኝ አልጸጸትም ብል ዋሽቻለሁ። አሁንም ኳስ ሳይ ሰኞ ጠዋት ማልያውን የለበስኩ ይመስለኛል። ምናልባት ሄጄም ተጠባባቂ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር፤ ይህን አለማወቄ ያናድደኛል። በኳስ ዘመኔ ሁሉ ስሜን ከዝርዝር የሚያስገባውም የሚያወጣውም ሌላ ሰው ነበር፤ አንዴ አሰልጣኝ፣ አንዴ ሐኪም፣ አንዴ መቶ አለቃ። ያን ቀን ግን ከማን ጎን እንደምሰለፍ ማንም አልነገረኝም።